ጥናቱ ወደ ተጠናበት ወረዳ ይመለስ

ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ጤና ሚኒስቴር
ለኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት
ለክልልና ለከተማ አስተዳደር ጤና ቢሮዎች

ጉዳዩ፦ የጤና አገልግሎት ውሳኔዎች በጥናት ማስረጃ እንዲመሩ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የሥራ ኃላፊዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ሥር የሰደደ አንድ አሠራር እንዲለወጥ ለመጠየቅ ነው። አዲስ የጤና ፕሮግራም ሲወጠን መድኃኒቱ ወይም ክትባቱ እንደሚሠራ ማስረጃ ይቀርባል፤ ይህም ተገቢ ነው። ያ መድኃኒት ግን በእኛ መንገድ ተጓጉዞ፣ በእኛ ጤና ኬላ መደርደሪያ ላይ ተገኝቶ፣ በእኛ ባለሙያ እጅ አልፎ ለታመመው ልጅ በሰዓቱ ስለ መድረሱ ማስረጃ የሚጠይቅ እምብዛም የለም። መመሪያው ይጻፋል፣ የአሠልጣኞች ሥልጠና ይሰጣል፣ ቅጹ ይታተማል፣ ፕሮግራሙም ብዙ ጊዜ በአንድ ጀንበር በመላ አገሪቱ ይዘረጋል። ዓመታት ካለፉ በኋላ አንድ ጥናት መጥቶ አገልግሎቱን የሚጠቀመው ሰው ጥቂት መሆኑን ሲያሳይ በጀቱም ጊዜውም አልቋል። ጥናቱ ራሱ በእንግሊዝኛ ተጽፎ በውጭ አገር የሕክምና መጽሔት ይታተማል፤ መጠይቁን የሞሉት እናቶች፣ መዝገቡን ያቀረበችው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ፣ ፈቃድ የሰጠው የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ግን ምን እንደተገኘ ሳያውቁ ይቀራሉ። አቤቱታዬ ይኸው ነው።

የተሠራውን መልካም ሥራ ሳልጠቅስ ማለፍ ፍትሕ አይሆንም። በ1992 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ ሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው እንደሚሞቱ አሳይቶ ነበር፤ በ2008ቱ ጥናት ቁጥሩ ወደ 67 ወርዷል። በመካከሉ በየቀበሌው ጤና ኬላ ተሠርቷል፤ ከ30,000 የሚበልጡ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፣ አብዛኞቹ በዚያው አካባቢ ተወልደው ያደጉ ሴቶች፣ ሠልጥነው በመንግሥት ደመወዝ ተቀጥረዋል። ይህን ያህል ርቀት የሄደ ድኻ አገር ብዙ አይደለም። በእነዚያው ዓመታት ግን በተወለዱ በመጀመሪያው ወር የሚሞቱት ሕፃናት ከ1,000 ከ49 ወደ 29 ነው የቀነሱት። በ2008 ዓ.ም. ከአምስት ዓመት በታች ከሚሞቱት ከአሥሩ አራቱ አንድ ወር ያልሞላቸው ጨቅላዎች ነበሩ ማለት ነው። በክትባት ዘመቻና በአጎበር እደላ ሊተርፉ የሚችሉ ብዙ ሕፃናት ተርፈዋል። የቀሩትን ለማትረፍ ኦክስጅን በሌሊት መኖሩ፣ አምቡላንሱ ሳይዘገይ መምጣቱ፣ የጤና ኬላው በር ክፍት መሆኑ ይወስናል። እነዚህን ደግሞ በየቦታው እየፈተኑና እየመዘኑ ካልሆነ ከአዲስ አበባ ሆኖ ማወቅ አይቻልም።

ጉዳዩን በአንድ ምሳሌ ላብራራ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ለዓመታት ወባና ተቅማጥ እንዲያክሙ ሲፈቀድላቸው፣ ለሳንባ ምች አንቲባዮቲክ መስጠት ግን ተከልክለው ቆይተዋል። ሳንባ ምች ከሕፃናት ዋነኛ ገዳዮች አንዱ ነው፤ ጤና ጣቢያውም ከብዙ ቀበሌዎች ሩቅ ነው። በኔፓልና በሌሎች አገሮች የተካሄዱ ጥናቶች በቂ ሥልጠና ያገኙ የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች ሳንባ ምችን በአግባቡ ሊያክሙ እንደሚችሉ አሳይተው ነበር። ሚኒስቴሩ ማስረጃውን መርምሮ ክልከላውን አነሣ፤ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ የተቀናጀ የሕፃናት ሕመም ሕክምና በጤና ኬላዎች ተስፋፋ። ውሳኔው ትክክል ነበር። በኦሮሚያ ክልል በጅማና በምዕራብ ሐረርጌ ዞኖች ደግሞ ከዚያ የሚበልጥ ጥበብ ታይቷል፦ ወረዳዎቹ በዕጣ ተለይተው ገሚሶቹ ቀድመው እንዲጀምሩ፣ ገሚሶቹ ቆይተው እንዲከተሉ ተደረገ። በዚህም የተነሣ ፕሮግራሙ በእርግጥ ሞት መቀነስ አለመቀነሱን ማነጻጸር ተቻለ።

ውጤቱ የሚያስደስትም የሚያሳዝንም ነበር። ባለሙያዎቹ ካዩአቸው ሕመምተኛ ሕፃናት ሁለት ሦስተኛ የሚጠጉትን በትክክል መርምረው አክመዋል፤ ለአንድ ዓመት ያህል ብቻ ለሠለጠነ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በሕፃናት ሞት ረገድ ግን ቀድመው በጀመሩትና በዘገዩት ወረዳዎች መካከል ጉልህ ልዩነት አልተገኘም። ምክንያቱም ልጃቸው ሲታመም ወደ ጤና ኬላ የሚሄዱት ወላጆች ጥቂት ስለነበሩ ነው። መድኃኒቱ ይሠራል፣ ባለሙያዋም ትችላለች፤ ሕመምተኛው ግን አልመጣም። ከዚያ በኋላ ችግሩ የኅብረተሰቡ ግንዛቤ ማነስ ነው ተብሎ በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በያኔው ደቡብ ክልል ወረዳዎች ኅብረተሰቡን የማነቃቃትና አገልግሎቱን የማጠናከር ሥራ ተሠራ። በ2009 እና በ2011 ዓ.ም. የተደረጉት ዳሰሳዎች ሲነጻጸሩ ሥራው የአገልግሎት ተጠቃሚነቱን ከፍ ስለማድረጉ ማስረጃ አልተገኘም። ሁለት ትልልቅ ጥናቶች፣ ሁለቱም በእኛው አገር፣ ሁለቱም በጥንቃቄ የተሠሩ፣ የሚነግሩን አንድ ነገር ነው፦ እናቲቱን ከማስተማር በፊት ጤና ኬላውን መመርመር ያስፈልጋል። ባለሙያዋ ለቤት ለቤት ጉብኝት፣ ለስብሰባ፣ ለሥልጠና ወይም ለዘመቻ ስትወጣ በሩ ይዘጋል። በዚያ ላይ መድኃኒት የሚያልቅበት ጊዜ አለ። የታመመ ልጅ አዝላ ሁለት ሰዓት ተጉዛ የተዘጋ በር ያገኘች እናት በሚቀጥለው ጊዜ ወደ ግል ክሊኒክ ወይም ወደ መድኃኒት መደብር ብትሄድ የግንዛቤ ችግር አለባት ሊባል አይገባም። ከባድ ወጪ ያለበት የተሳሳተ መፍትሔ የሚመጣው ለዚህ ዓይነቱ ጥያቄ ማስረጃ ሳይፈለግ ሲቀር ነው።

ሁለተኛው አብነት ያለ ጊዜያቸው የሚወለዱ ሕፃናት ጉዳይ ነው። ከ2008 እስከ 2010 ዓ.ም. በጥቁር አንበሳ፣ በቅዱስ ጳውሎስ፣ በጋንዲ መታሰቢያ፣ በጎንደርና በጅማ ሆስፒታሎች የተካሄደ ሰፊ ጥናት ነበር። ወደ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ከገቡት ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት 29 በመቶ ገደማ የሚሆኑት በ28 ቀናት ውስጥ ሞተዋል። ከሞቱት 45 በመቶ ያህሉ ሳንባቸው ባለመጎልበቱ በመጣ የመተንፈስ ችግር፣ 30 በመቶ ያህሉ በኢንፌክሽን፣ 14 በመቶ ያህሉ በወሊድ ጊዜ በደረሰ መታፈን ነው። እንዲህ ያለ ጥናት ለበጀት አዘጋጅ ትልቅ ሀብት ነው፤ ገንዘቡ የት መዋል እንዳለበት ያመለክታልና። የመጀመሪያው ኦክስጅንና የመተንፈሻ ድጋፍ መሣሪያ፣ ከዚያም እሱን የሚያንቀሳቅስ ነርስና የሚጠግን ቴክኒሻን ይጠይቃል። ሁለተኛው ውኃ፣ ሳሙናና የማይጨናነቅ ክፍል ይፈልጋል። ሕፃኑን በእናቱ ደረት ላይ ገላ ለገላ አስተኝቶ ማሞቅ፣ ካንጋሩ የምንለው እንክብካቤ፣ ደግሞ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ በሆነውና በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ በተካሄደው ሙከራ ይህ እንክብካቤ ሕፃኑ እስኪረጋጋ ሳይጠበቅ ወዲያው ሲጀመር የጨቅላዎቹን ሞት በ25 በመቶ ቀንሷል። ሙከራውም ጥቅሙ ግልጽ በመሆኑ ከታቀደለት ጊዜ በፊት ተቋርጧል። በእኛም አገር በአራት ክልሎች በተሠራ የትግበራ ጥናት እንክብካቤው በዕለት ተዕለት አገልግሎት ውስጥ ከግማሽ በላይ ለሚሆኑ አነስተኛ ክብደት ያላቸው ሕፃናት ሊዳረስ እንደሚችል ታይቷል። የተደረገው ተአምር አይደለም፤ አልጋ ተጨምሯል፣ እናትየዋ ከልጇ እንዳትለይ ተደርጓል፣ የሆስፒታል አመራሩ ጉዳዩን የራሱ አድርጎታል። ታዲያ ዛሬ አንድ ሆስፒታል የጨቅላ ክፍል ሲያስገነባ የእናቶች አልጋ ከሕፃናቱ ርቆ በሌላ ሕንፃ እንዳይሆን የሚያስገድደው መመዘኛ የትኛው ነው? ይህን ለሕዝብ ብታሳውቁ ውለታ ይሆናል።

የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ እያለልን የራሳችን ጥናት ለምን ያስፈልጋል የሚሉ አሉ። ክርክሩ ክብደት አለው፤ ያለቀለትን ጉዳይ እንደገና በማጥናት ገንዘብ ማባከን አይገባም። ይሁን እንጂ አንድ መድኃኒት የተለያየ አገልግሎት ውስጥ ሲገባ ተቃራኒ ውጤት ሊሰጥ እንደሚችል የታወቀ ታሪክ አለ። ያለ ጊዜዋ ምጥ ለመጣባት እናት የሚሰጠው ኮርቲኮስቴሮይድ የሕፃኑን ሳንባ ያጎለብታል፤ በበለጸጉ አገሮች ለብዙ ዓመታት የተረጋገጠ ነው። በስድስት አገሮች፣ በገጠር ጭምር፣ አጠቃቀሙን ለማስፋት የተደረገው ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ ሲታተም ግን ታስበው የነበሩት ትንንሽ ሕፃናት አልተጠቀሙም፤ በጥቅሉ የጨቅላዎች ሞት ጭራሽ ጨምሮ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ በባንግላዲሽ፣ በሕንድ፣ በኬንያ፣ በናይጄሪያና በፓኪስታን በተመረጡ ሆስፒታሎች ያው መድኃኒት ሲሰጥ ሞቱ ከ23.5 ወደ 19.6 በመቶ ዝቅ አለ። በሁለተኛው ሙከራ የእርግዝናው ዕድሜ በአልትራሳውንድ ተለክቷል፤ ሕፃኑ ሲወለድም የሚንከባከበው ክፍል ተዘጋጅቶ ነበር። እንግዲህ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ መድኃኒቱ ጥሩ መሆኑን ሊነግረን ይችላል። በአንድ የዞን ሆስፒታል አልትራሳውንድ የሚያነብ ሰው በሌሊት ተረኛነት መኖሩን ግን ሊነግረን አይችልም። ይህን ማወቅ የእናንተ ሥራ ነው።

ሰው እየሞተ ጥናት መጠበቅ ጭካኔ ነው የሚለውን ተቃውሞ ከሁሉ አብልጬ አከብረዋለሁ፤ የሚነሣው ከቅን ልብ ነውና። ለዚህ ከእኔ ቃል ይልቅ በዩጋንዳ፣ በኬንያና በታንዛኒያ በተካሄደው ሙከራ የታየው ይመልስ። ከፍተኛ ትኩሳትና የደም ዝውውር መዳከም ላለባቸው ሕፃናት በደም ሥር ብዙ ፈሳሽ በፍጥነት መስጠት ግልጽ የነፍስ አድን እርምጃ ተደርጎ ይታይ ነበር፤ ብዙ ሐኪሞችም አይጠራጠሩትም ነበር። ከ3,000 በላይ ሕፃናት በተካተቱበትና እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመው በዚያ ሙከራ ፈሳሹን በፍጥነት ካገኙት ከመቶ 10.5 ያህሉ በ48 ሰዓት ውስጥ ሲሞቱ፣ ካላገኙት የሞቱት 7.3 ነበሩ። የቅን ሰዎች ጥድፊያ፣ በበቂ ምክንያት የተደገፈ የሚመስል ጥድፊያ፣ ሕፃናትን ይጎዳ ነበር ማለት ነው። ጥናቱ ባይደረግ ኖሮ ጉዳቱ ዛሬም በቀጠለ ነበር፤ ለማንም ሳይታይ። ደግሞም የምጠይቀው ሥራው ቆሞ ጥናት እንዲጠበቅ አይደለም። ማንኛውም አገር አቀፍ ፕሮግራም ሁሉም ወረዳ እስኪዳረስ መዘግየቱ አይቀርም፤ በጀቱም ሥልጠናውም በአንድ ቀን አያልቅም። እንግዲያው ማን እንደሚቀድም በዕጣ ይወሰን፤ ሌላው በተራው ይከተል። በጅማና በምዕራብ ሐረርጌ የተደረገው ይኸው ነው። ከዕጣ የሚበልጥ ፍትሐዊ አሰላለፍም የለም።

የገንዘብ እጥረት እውነት ነው፤ የረጂዎች ፍላጎት አቅጣጫ የሚያስለውጥ መሆኑም የታወቀ ነው። በዕጣ ደረጃ በደረጃ መጀመር ግን ከተለመደው አሠራር የሚጨምረው ወጪ ትንሽ ነው፤ ለረጂውም ቢሆን የስምምነቱ ቅድመ ሁኔታ ተደርጎ ሊቀርብለት ይችላል። የሰው ኃይሉን በተመለከተ በየዓመቱ በጤና ሳይንስ ኮሌጆቻችን የሚመረቁ የማስተርስ ተማሪዎች አሉ። እያንዳንዳቸው አንድ ጥናት ይሠራሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ርዕሱ የአንድ ችግር ሥርጭትና ተያያዥ ምክንያቶች ነው፣ ቦታው ለዩኒቨርሲቲው የሚቀርበው ከተማ ነው፣ መጨረሻውም ቤተ መጻሕፍት ነው። ጥፋቱ የተማሪዎቹ አይደለም፤ ጥያቄ የሰጣቸው የለም። የክልል ጤና ቢሮዎች በየዓመቱ መስከረም ላይ መልስ የሚሹ ጥያቄዎቻቸውን ለዩኒቨርሲቲዎች በጽሑፍ ቢልኩ ምን ያህል ነገር እንደሚለወጥ አስቡት። በዚህ ወረዳ ነፍሰ ጡሮች ከአንደኛው ክትትል በኋላ ለምን ይቀራሉ? በዚያኛው ዞን የክትባት ማቀዝቀዣዎች ለምን ቶሎ ቶሎ ይበላሻሉ? እነዚህን የሚያጠና ወጣት የመመረቂያ ጽሑፉም ይከበራል፣ ለወረዳውም ይጠቅማል።

ስለ ሪፖርት ሳላነሣ ባልፍ ግን የጻፍኩት ሁሉ ጎደሎ ይሆናል። የ2008ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ12 እስከ 23 ወር ካሉ ሕፃናት ሦስተኛውን የፔንታቫለንት ክትባት የወሰዱት 53 በመቶ መሆናቸውን ሲያሳይ፣ በዚያው ዘመን ከጤና ተቋማት ይሰበሰብ የነበረው ሪፖርት የሚያመለክተው ከዚህ እጅግ የላቀ ሽፋን ነበር። ልዩነቱ ከፊሉ ከሕዝብ ቁጥር ግምት ይመጣል። ከፊሉ ግን ዝቅተኛ ቁጥር ያመጣ ወረዳ በግምገማ ላይ ስለሚወቀስ፣ ከፍተኛ ያመጣው ስለሚሸለም ነው። ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. በነበረው የጤናው ዘርፍ የለውጥ ዕቅድ የመረጃ አብዮት ከአራቱ ዋና አጀንዳዎች አንዱ ነበር፤ ዲኤችአይኤስ2 የተባለው የኮምፒዩተር ሥርዓትም በአገር አቀፍ ደረጃ ተዘርግቷል። ኮምፒዩተሩ ግን የሚያደርሰው የተሰጠውን ቁጥር ነው። ያላስከተበውን አስከተብኩ ማለት የሚያስጠይቅ፣ አላስከተብኩም ብሎ ምክንያቱን ማስረዳት የሚያስመሰግን እስካልሆነ ድረስ ሥርዓቱ ስሕተቱን በፍጥነት ወደ ላይ ከማድረስ አያልፍም። በሽፋን የተመሰከረላቸው አካባቢዎች ላይ ኩፍኝ ሲነሣ ዕዳውን የሚከፍለው ሕፃኑ ነው።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ የሚከተለውን ነው። እያንዳንዱ አዲስ መመሪያ ሲወጣ ከሁለት ገጽ የማይበልጥ ማብራሪያ በክልሉ የሥራ ቋንቋ አብሮት ይውጣ፤ በየትኛው ጥናት ላይ እንደተመሠረተ፣ ጥናቱ የተሠራበት ቦታ ከእኛ በምን እንደሚለይ፣ ለአንድ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ምን ያህል ሰዓትና ብር እንደሚጠይቅ ይግለጽ። ለጥናት የሥነ ምግባር ፈቃድ የሚሰጡ ኮሚቴዎች ተመራማሪው ውጤቱን በሥራ ቋንቋ ጽፎ ለወረዳውና ለተቋሙ ሊመልስ የጽሑፍ ግዴታ እንዲገባ ያድርጉ፤ መረጃው ዓመታዊው የወረዳ ዕቅድ ከሚጸድቅበት ጊዜ ቀድሞ ቢደርስ ሐምሌ ላይ ለሚጀምረው በጀት ይረዳል። የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ጥናቶችን ለፖሊሲ የሚተረጉም ክፍልና ብሔራዊ የጤና መረጃ ማዕከል አለው፤ የሚያዘጋጃቸው አጫጭር ሰነዶች ከሚኒስቴሩ ቢሮዎች አልፈው ወደ ወረዳ ይውረዱ። በፕሮግራሞች ላይ የተደረጉ ግምገማዎች ውጤታቸው ደስ ባያሰኝም እንደተጻፉ ይታተሙ። የሪፖርት ቁጥሮች በገለልተኛ የናሙና ዳሰሳ ይፈተሹ፤ በተገኘው ልዩነት ማንም እንዳይቀጣ በመመሪያ ይደንገግ።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችን በቅጽ ላይ ቅጽ መጫን እንዳይሆን እሠጋለሁ። በመሆኑም አንድ ነገር ልጨምር፦ ላለፉት ሦስት ዓመታት ማንም ውሳኔ ያልሰጠበት የመረጃ ቅጽ ቢኖር ይሰረዝ። ግጭት ባወደማቸው አካባቢዎች ያሉ ኃላፊዎችም አሁን ጊዜው የመልሶ ግንባታ ነው እንጂ የጥናት አይደለም ሊሉኝ ይችላሉ። መልሶ መገንባት ግን ምን ይቅደም የሚል ውሳኔ ነው። የአምስቱ ሆስፒታሎች ጥናት ኦክስጅንን፣ ንጽሕናንና ሙቀትን አስቀድሞልናል፤ የጨቅላ ክፍሉ ከነዚህ ይጀምር።

ከጠየቅኋቸው መካከል የትኛውን እንደምትቀበሉ፣ የትኛውን በምን ምክንያት እንደማትቀበሉት፣ ለተቀበላችሁትም ኃላፊነቱን የሚወስደው የሥራ ክፍል የትኛው እንደሆነ የሚቀጥለው በጀት ዓመት ዕቅድ ከመጽደቁ በፊት ለሕዝብ በይፋ እንድታሳውቁ በትሕትና እጠይቃለሁ። ምላሻችሁንም በአክብሮት እጠባበቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር